ቀኝ እጅ ለቃል፣ ግራ እጅ ለጉልበት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ተውኔቱ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው፣ ዴዝመንድ ኤክኸርስት በስተግራ ያለውን ምሰሶ ነኩ። ቃል የጠፋባቸው መሰለኝ። ከመድረኩ ጀርባ ካለው የእንጨት ርብራብ ውስጥ ሆኜ፣ ከሳቸው ጆሮ አያልፍም ባልኩት ድምፅ፣ «ልጄን ጥሩልኝ» አልኩ። ከፊት ቆመው ከነበሩት ተመልካቾች ሁለቱ ዞር ብለው ርብራቡን አዩ። ዴዝመንድ አልዞሩም። ምሰሶውን ለቀው «ልጄን ጥሩልኝ» አሉ፣ ከገዛ ሆዳቸው እንደወጣ ሁሉ።

ትርኢቱ አልቆ፣ ሕዝቡ አጨብጭቦ ሲወጣ፣ ወደ ልብስ መቀየሪያው በሚያወጣው ጠባብ ደረጃ ላይ ጠበቁኝ። የሚጫወቱትን የመስፍኑን ካባ ገና አላወለቁም።

«ቴምዚን፣» አሉኝ፣ «ጉልበቴን አሞኝ እኮ ነው።»

«ይቅርታ። ምሰሶውን ሲነኩት ጊዜ...»

«ነካሁት። ሰው ምሰሶ መደገፍ አይችልም እንዴ? ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ይሄ ካባ ደግሞ ብቻውን አንድ በግ ያህል ይመዝናል።»

«ደንቡ ግን...»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ሲወጣ አጠገብሽ ተቀምጬ ብስኩት እየበላሁ ነበር።»

ደንቡ የወጣው ኤፕሪል ላይ፣ ልምምድ በጀመርንበት ሳምንት ነው። ሽመላው፣ ማለትም ትያትር ቤታችን፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንደነበሩት ቤቶች ሆኖ በወንዙ ዳር የተሠራ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን ሣር ነው፤ መሀሉ ለሰማይ ክፍት ነው። መብራት አይጠፋም፤ ምክንያቱም መብራቱ ፀሐይ ነው። ትኬታቸው የሚረክሰው ተመልካቾች ግቢው ውስጥ ቆመው ያያሉ፤ ቋሚዎች እንላቸዋለን። ከፊት የደረሱት ክርናቸውን መድረኩ ላይ ያስደግፋሉ። ተዋናዩ ሲያልበው ያዩታል፤ ምራቁን ሲውጥም ይሰማሉ። ስለዚህ ቃል የጠፋበት ሰው እንደ ልምምድ ጊዜ «ቃል!» ብሎ መጣራት አይችልም። መዳፉን በግራ ባለው ምሰሶ ላይ ያደርጋል፤ ቃል አስታዋሿ መስመሩን ትሰጠዋለች። ቃል አስታዋሿ እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ሲያቅተው ብቻ መናገር ያለበት ሥራ ለኔ ይስማማኛል።

ምሰሶው ወርካ የሚያክል የባሉጥ ግንድ ነው፤ እብነ በረድ እንዲመስል ቀለም ተቀብቷል። ከሩቅ ያምራል። ከኔ ርብራብ ሆኖ ለሚያየው የብሩሹ መስመር አንድ በአንድ ይታያል።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ፣» አሉ ዴዝመንድ። «በቀኝ እጄ ከነካሁት ቃል ጠፍቶኛል ማለት ነው። በግራ እጄ ከነካሁት ጉልበቴን ነው፤ ተዪኝ።»

«ቀኝ ለቃል፣ ግራ ለጉልበት።»

«ጎበዝ። ለሌላ ሰው አትንገሪ። ሁሉም ለየአካሉ ምልክት እያወጣ ምሰሶውን ይሻማኛል።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ካባውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆም እያሉ ወጡ። ከኋላቸው ቀስ ብዬ ተከተልኩ። መቅደም ነውር መስሎኝ ነው።

ኦገስት አጋማሽ ላይ ነበርን። ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ሦስት የድሮ ተውኔቶችን እያፈራረቅን፣ በሳምንት ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም በቀን ሁለት ጊዜ ስንጫወት ቆይተናል። መለከት ነፊው ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ቅባት ሳይቀባ አይናገርም። የሱፍ ልብሶቹ መድረቅ ትተዋል፤ አልባሳት ክፍል ያሉት ሴቶች ብብቱ ላይ ቮድካ ይረጩበታል፤ ሽታውን ያጠፋል። የሚያጠፋው ግን እስከ ሁለተኛው ገቢር ድረስ ነው። የመስፍኑን ልጅ የሚጫወተው ወጣት በሁለት ትርኢት መሀል መሬት ላይ ተዘርሮ፣ ጫማውን ሳይፈታ ይተኛል፤ ሰዎች ይዘሉታል። ርግቦቹ እንኳ መድረኩን ለምደውት፣ ሰይፍ ሲመዘዝ አይበሩም።

የሦስቱንም ተውኔቶች መጽሐፍ ይዤ ቃል የማስታውሰው እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው ማታ ባቡር ውስጥ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ነው የሚሄደው፤ እኔም እንደዚያው። አንዳንድ ቀን ከንፈሬ የተውኔቱን መስመር እያለ ሲንቀሳቀስ ራሴን እይዘዋለሁ፤ ባቡሩ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እያየኝ።

ዴዝመንድ መስፍኑን የሚጫወቱበት «መስፍኑ ዳኛ» የሚባለው ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። በከተማው ቅጥር ውስጥ ሰይፍ የመዘዘ ይሙት ብሎ ሕግ ያወጣ መስፍን አለ፤ የመጀመሪያው መዛዥ የገዛ ልጁ ይሆናል። አራተኛው ገቢር ላይ መስፍኑ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ተነሥቶ፣ መጨረሻ ላይ ፊቱን አዙሮ ልጁን ይፈርድበታል። ንግግሩ አርባ ስድስት መስመር ነው፤ መሀል የሚያቋርጠው የለም። አንድ የመድረክ ሰው እንዲህ ያለ ንግግር በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ ዕድለኛ ነው ይላሉ። ዴዝመንድ አርባ ዓመት መልእክተኛ፣ ሐኪም፣ ቄስና ሁለተኛ ነፍሰ ገዳይ ሆነው ኖረዋል። መስፍን የሆኑት ዘንድሮ ነው።

በልምምድ ጊዜ ንግግሩን ያለ አንድ ስሕተት ነበር የሚያወጡት። ጁላይ ላይ አንድ ቃል መጥፋት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሁለት። ሁልጊዜ የሚጠፋው የተለያየ ቦታ ስለሆነ አስቀድሜ መዘጋጀት አልችልም።

ኦገስት መግቢያ ላይ አንድ ተመልካች ደብዳቤ ጻፈ። «ገንዘብ የከፈልኩት ተዋናዩን ለመስማት ነው እንጂ ግድግዳውን አይደለም» ይላል። ሄስተር ላይል፣ የቡድናችን ሥራ አስኪያጅ፣ ደብዳቤውን ይዛ መጣችና ርብራቤ ውስጥ ከኔ ጋር ተጣብቃ ቆመች። ለሁለት ሰው አይበቃም።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዴዝመንድ በአንድ ትርኢት ሦስት ጊዜ ቃል ከተሰጠው ተተኪው ፒርስ ቦታውን ይይዛል። የበላይ ጠባቂዎቹ ወስነዋል። እኔ አምስት ይሁን ብዬ ነበር። አንቺ የምትሠሪው መጻፍ ብቻ ነው።»

እያንዳንዱ ትርኢት ካለቀ በኋላ ዘገባ እጽፋለሁ። በስንት ሰዓት እንደተጀመረ፣ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት ቋሚ ራሱን ስቶ እንደወደቀ፣ አውሮፕላን የትኛውን መስመር እንደሸፈነብን፣ የተሰበረ ነገር ካለ። መጨረሻ ላይ «ከመጽሐፉ የተሰጠ ቃል» የሚል መስመር አለ። ዘገባው ሻይ ማፍያው አጠገብ ይለጠፋል፤ ሁሉም ሰው ውኃው እስኪፈላ ያነበዋል። አንድ ቅጂ ለሄስተር ይሄዳል።

ኦገስት ሰባት ቀን አራት ጊዜ ሰጠኋቸው። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ኦገስት አሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰጠኋቸው። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት መጻፍ ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር። ቀላል ነው፤ በተለይ ሰው ሲደክመው። እሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ዘገባው ፊት ቆመው ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ልድረስ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ» አሉ። የትርኢቱ ወቅት የሚያልቀው ያን ቀን ነው። ለማን እንዳሉት አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና ማፍያው ነን።

ረቡዕ እረፍት ሰዓት ላይ ከኋላ በር ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አይብና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ያለበት ዳቦዬን ስበላ ፒርስ መጣ። ፒርስ ዌትስቶን በዚሁ ተውኔት የበር ጠባቂውን ነው የሚጫወተው፤ አምስት መስመር አለው። ከዚያ ውጭ የመስፍኑ ተተኪ ነው። አርባ ስድስቱን መስመር ከሜይ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ዴዝመንድ ያንን ንግግር በሚናገሩበት ጊዜ ሁሉ በግራ በኩል ከበሩ ጀርባ ጦሩን ይዞ ቆሞ ይሰማል፤ ሥራው ነው።

«ትናንት ስንት ጻፍሽ?» አለኝ።

«አንድ።»

«ትናንትማ አንድ ነው። አሥራ ሁለትስ?»

ዳቦዬን አየሁት።

«እኔ ሦስት ሰምቻለሁ፣» አለ።

«ጆሮህ ጥሩ ነው።»

«ጆሮዬ ሌላ ምን ሥራ አለው? እዚያ ጋ እንደ መጥረጊያ ተደግፌ ነው የምውለው።» አጠገቤ ተቀመጠ። «አልናገርም። ሄስተር ጋ ሄጄ ሽማግሌ አሳጣለሁ ብለሽ አታስቢ። እናቴ ትገለኛለች። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። በየቀኑ ጠዋት ተነሥቼ ገላዬን እየታጠብኩ አርባ ስድስቱን እላቸዋለሁ። ማታ እንደተዘጋጀሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለመጫወት ቢሆን እንዲህ አይደክመኝም።»

«ይገባኛል።»

«ይገባሻል፤ ግን ለሳቸው ነው የምታዝኚው።»

«ላንተም አዝናለሁ።»

«ለኔ የምታዝኚው ባዶ እጅሽን ነው፤» አለና ከዳቦዬ ቆርሶ ሄደ።

እውነቱን ነው። ለሳቸው እርሳስ ይዤ ነበር የማዝነው። ሐሙስ ትክክለኛውን እጽፋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ቢያንስ እንደወሰንኩ ለራሴ ነገርኩት።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ዝናብ ትርኢት አያስቀረንም። መድረኩ ክዳን አለው፤ ግቢው የለውም። ጃንጥላ መዘርጋት የተከለከለ ስለሆነ አስተናባሪዎቹ በር ላይ ለቋሚዎች ስስ የላስቲክ ካፖርት ይሸጣሉ። አራት መቶ ሰው ላስቲክ ለብሶ ቆሞ፣ ዝናቡ ሲወርድበት፣ ድምፁ ዘይት ውስጥ እንደገባ ዓሣ ነው። ተዋናዮቹ ይጮኻሉ። መለከት ነፊው ብቻ ተደሰተ፤ ማንም ስሕተቱን አይሰማም።

ወይዘሮ ኦዲ እንደ ወትሮው ምሰሶው ሥር ነበሩ። ዴትፎርድ የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በዚህ በጋ «መስፍኑ ዳኛ»ን ሲያዩ አሥራ ዘጠነኛ ጊዜያቸው ነው፤ ሁልጊዜ ቆመው፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ፣ ክርናቸውን መድረኩ ላይ አስደግፈው፣ አጠገባቸው የሻይ ፔርሙስ። ማክሰኞ ወደ ርብራቡ ከዞሩት ሁለት ሰዎች አንዷ እሳቸው ነበሩ። የኔን ድምፅ በደንብ ያውቁታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እስከ አራተኛው ገቢር ድረስ ምንም አልጎደለም። ዴዝመንድ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ንግግሩን ጀመሩ። ከኋላቸው ስለሆንኩ ፊታቸው አይታየኝም፤ ጀርባቸውንና እጃቸውን ነው የማየው። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ተነሡ። መነሣቱ አስቸገራቸው። ሁለት እርምጃ ሄደው ግራ እጃቸውን ምሰሶው ላይ አደረጉ።

ግራ ለጉልበት ነው። ዝም አልኩ።

ዝምታው ረዘመ። ዝናቡ ይጠበሳል። ጣቴ መስመሩ ላይ ነው፤ «ሕጉን ያወጣሁት ለጎረቤት ልጅ ነበር» ይላል። ጉልበታቸው ነው፣ አሁን ያልፍላቸዋል አልኩ። ማክሰኞ ተሳስቻለሁ፤ ዛሬ ደግሜ አላዋርዳቸውም። እንዲህ እያልኩ እጃቸውን አየሁት። የሚደገፍ ሰው እጅ ይከብዳል። የሳቸው እጅ አልከበደም፤ ጣቶቹ ምሰሶው ላይ ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ፤ ጨለማ ውስጥ ማብሪያ እንደሚፈልግ ሰው።

«ሕጉን ያወጣሁት ለጎረቤት ልጅ ነበር፣» አልኩ።

አልሰሙም። ደገምኩት። ጭንቅላታቸው ወደ ርብራቡ ትንሽ ዘንበል አለ፤ ከላስቲኩ ጩኸት ሌላ የደረሳቸው ነገር የለም። ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ከፍ ካደረግሁ ግቢው በሙሉ ይሰማል፤ ሄስተር ከላይ ሰገነት ላይ ናት፤ ትሰማለች። ይሄን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው። እዚያ ላይ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ በሰው ፊት መጮህ አልችልም።

ከበሩ ጀርባ ፒርስ ጦሩን ይዞ ቆሟል። አየኝ፤ አየሁት። እሱም መስመሩን ያውቀዋል። ከንፈሩን ነከሰ።

ወይዘሮ ኦዲ ክርናቸውን ሳያነሡ፣ ማንኪያውን ረስቶ ሰልፍ የገባ ተማሪ እንደሚያስታውሱ ሁሉ፣ በተራ ድምፅ «ሕጉን ያወጣሁት ለጎረቤት ልጅ ነበር» አሉ።

ግቢው ሳቀ። ዴዝመንድ ወደ ታች አዩ። ሴትዮዋን ለይተው እስኪያውቋቸው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ መስፍን ለከተማው ሰው እንደሚሰግድ ዝቅ አሉላቸውና መስመሩን ተናገሩ። ሦስት መስመር ሄዱ፤ ቆሙ። ወይዘሮ ኦዲን አዩ። ወይዘሮ ኦዲ ሰጧቸው። እንደገና ሳቅ መጣ፤ ያነሰ ሳቅ ነው። ሦስተኛው ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ መስፍን አጎንብሶ አንዲት ላስቲክ የለበሰች ሴት ይጠይቃል፤ ሴትዮዋ ትመልስለታለች፤ እሱ ቀጥ ብሎ ያንኑ ቃል ፍርድ አድርጎ ያወጣዋል። የገዛ ከተማው እየነገረው ልጁን የሚፈርድበት ይመስላል። ሰዎች ተውኔቱ የተጻፈው እንዲህ ነው ብለው ነበር ያዩት። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ ወይም ዝናብ ነው።

መጽሐፉ ላይ ጣቴን ይዤ ተከተልኩ። ስድስት ጊዜ ሰጧቸው። አንድም ቃል አልተሳሳቱም።

«ልጄን ጥሩልኝ፤ ፊቴን ግን አዙሩልኝ፣» ብለው ዴዝመንድ ጨረሱ። ይሄኛውን ማንም አልሰጣቸውም።

ከትርኢቱ በኋላ ደረጃው ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራ ነበር። ልጁን የሚጫወተው ወጣት፣ ሁልጊዜ ተዘርሮ የሚተኛው፣ ዛሬ ቆሞ «እንዲህ ያለ ቀን ከኤፕሪል ጀምሮ አላየሁም፤ በየቀኑ ይዝነብ» ይላል። አልባሳት ክፍል ያሉት ሴቶች ለወይዘሮ ኦዲ ፎጣና ሻይ ወሰዱላቸው። ፒርስ ጦሩን ቦታው ላይ ሰቅሎ ማንንም ሳያናግር ወጣ።

እኔ ዘገባዬን ጻፍኩ። ተመልካች፣ ስምንት መቶ አራት። ራሱን የሳተ፣ የለም። ዝናብ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። «ከመጽሐፉ የተሰጠ ቃል» የሚለው ላይ ስደርስ ቆየሁ። ከመጽሐፉ የሰጠሁት አንድ ነው፤ እሱም አልተሰማም። አንድ ብዬ ጻፍኩ። በቃሉ ከተያዘ እውነት ነው፤ ግን እንደ ውሸቶቹ አልቀለለኝም። ወስጄ ማፍያው አጠገብ ለጠፍኩት።

ዴዝመንድ ካባውን አውልቀው፣ የራሳቸውን ሹራብ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን በፋሻ አስረው ገቡ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«አንድ፣» አሉ።

«ቅጹ ከመጽሐፉ የተሰጠ ነው የሚለው። ከመጽሐፉ አንድ ነው።»

«ጠበቃ መሆን ነበረብሽ።»

ውኃው መፍላት ጀመረ።

«ወይዘሮ ኦዲስ?»

«የቤቱ ሠራተኛ አይደሉም።»

«ሦስት ሰዓት ዝናብ ላይ ቆማ ስድስት መስመር ሰጠችኝ። ሥራዋን ሳይጽፉላት መቅረት ነውር ነው፤ ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው።»

«እርሳስሽን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። አንዱን ሰርዘው ሰባት ብለው ጻፉ። እርሳሱን ሳይመልሱልኝ፣ «ኦገስት ሰባት ሁለት ብለሻል» አሉ። «አራት ነበር። አሥራ ሁለት ቀን አንድ ብለሻል። ሦስት ነበር። የጠፋኝ ቃል ነው እንጂ ቁጥር ገና አልጠፋኝም።»

«ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ ያስፈልጋል። አየሁት፤ ዝም አልኩ። ሁለታችንም ነን። ደክሞን ነው።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ዛሬ ለምን ቆየሽብኝ? ያን ሁሉ ጊዜ።»

«በግራ እጅዎ ስለነኩት ነው።»

«አዎ፣ በግራ።»

«ግራ ለጉልበት ብለን ነበር።»

አዩኝ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንዱን ከአንዱ እያወዳደሩ አዩአቸው።

«ግራ ለቃል አልነበረም?»

«ቀኝ ነበር ለቃል።»

«ይኸው፣» አሉ።

ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ሁለት ስኳር፣ ወተት ትንሽ። ሲያማስሉ ቆዩ።

«ማክሰኞስ?» አልኩ። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅኩ። «ማክሰኞ ጉልበትዎን ነበር?»

«እውነቱን ልንገርሽ? እንጃ። ቆሜ ነበር። ጉልበቴ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አንቺ ስትነግሪኝ መስመሩ እንደ አዲስ ነው የመጣልኝ። አሁን አሁን ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚለቁኝ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።» ሻዩን ቀመሱ። «አፍሬ ነው የተቆጣሁሽ።»

«አልተቆጡኝም።»

«ተቆጥቻለሁ። በትሕትና ነው እንጂ ተቆጥቻለሁ።» ኩባያውን አስቀምጠው፣ «የፒርስ በር ጠባቂ ስንት መስመር አለው?» አሉ።

«አምስት።»

«በይልኝ እስቲ።»

መጽሐፉ እጄ ላይ አልነበረም። በቃሌ አልኳቸው፤ ከተለመደው ድምፄ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ማፍያው ይጮህ ስለነበር። አምስቱም መስመር ስለ ቁልፍና ስለ ብርድ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «አያስከፋም፤ ብርዱን አውቀዋለሁ» አሉ።

ሄስተር ስትገባ እንደዚያ ተቀምጠን ነበር። ዘገባውን አነበበች። የተሰረዘውን አንድ፣ የተጻፈውን ሰባት አየች፤ ጽሑፉ የኔ እንዳልሆነ አወቀች።

«ሰባት ያለው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣» አሉ ዴዝመንድ። «ቅዳሜ ፒርስ ይግባ። ካባው ይረዝምበታል፤ አንድ ጣት ያህል አሳጥሩለት በያቸው። የሱን ጦር ለኔ ስጪ፤ ሌላ ሰው አትፈልጊ።»

ሄስተር አጠገባቸው ቆመች። እጇን ትከሻቸው ላይ ልታደርግ ነበር መሰለኝ፤ ተወችው። «ደህና፣» አለች። ወደኔ ዞረች። «የቀድሞዎቹንም ዘገባዎች አያቸዋለሁ፣ ቴምዚን።»

«የተሳሳቱትን አስተካክዬ ነገ አመጣልሻለሁ፣» አልኩ።

አርብ አስተካክዬ ወሰድኩላት። አንብባ ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ፤ ከሥራ ግን አላስወጣችኝም። በወቅቱ መሀል ሦስት ተውኔት የሚይዝ ሌላ ሰው አይገኝም ነበር።

ቅዳሜ ፒርስ መስፍኑን ተጫወተ። ጥሩ ነበር፤ ፍጥነት አብዝቶ ነበር እንጂ። ከመውጣቱ በፊት ዴዝመንድ በሩ ጀርባ የአንገቱን ማሰሪያ አጠበቁለትና፣ «አሥራ አንደኛው ላይ ስትነሣ አትቸኩል፤ ጉልበትህ ገና ነው፣ ግን የመስፍኑ ጉልበት አርጅቷል» አሉት። ወይዘሮ ኦዲ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ፒርስ አርባ ስድስቱን ሲጨርስ አጨበጨቡ፤ ዴዝመንድ በር ጠባቂ ሆነው ሲገቡ ደግሞ በፔርሙሳቸው ክዳን የቀዱትን ሻይ ከፍ አድርገው አሳዩአቸው።

ዴዝመንድ እስከ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ድረስ በር ጠባቂውን ዘጠኝ ጊዜ ተጫወቱ። ሁለት ጊዜ ቃል ሰጠኋቸው፤ ሁለቱንም ጻፍኩ።